ከፍሬም ሠሪዋ ጀርባ የነበረው መስታወት

እሁድ ከምሳ በኋላ የፍሬም ሠሪዋ ሱቅ በር ገርበብ ይላል። መስኮቱ ላይ «ዛሬ ሥራ የለም» የሚል ካርቶን ይንጠለጠላል፤ በሩ ግን አይቆለፍም። ሳምንቱን ሙሉ እንጨት የሚቆረጥበትንና መስታወት የሚለካበትን ረጅም ጠረጴዛ በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች፤ ሰጋቱራውን ጠርጋ ጥግ ታስይዛለች፤ ቡናማ የማሸጊያ ወረቀት ትዘረጋና አራት እርሳስ ትቀርጻለች። መጨረሻ ላይ ከሽርጧ ኪስ ሁለት ዳይስ፣ በየገጻቸው ነጥብ ያለባቸውን ትናንሽ ኩቦች፣ አውጥታ መሐል ላይ ታስቀምጣለች። ሽርጧን የምታወልቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ጨዋታውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳታል። ደንበኛ ሲጠይቃት «ተረት ነው፤ ግን ሰሚው ራሱ ተረቱ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል» ትላለች። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ጉልበቱንና ብልሃቱን በዳይስ አውጥቶ፣ ዕድሜውን ራሱ ወስኖ ወረቀት ላይ ይጽፋል። እሷ የቀረውን ዓለም ሁሉ ትሆናለች፦ ዝናቡን፣ ገበያውን፣ ሽፍታውን፣ የሽፍታውን እናት ሳይቀር። አንዱ «በሩን እከፍታለሁ» ሲል ከበሩ ጀርባ ያለውን የምትነግረው እሷ ናት። አደጋ ሲመጣ ዳይስ ይጣላል። ሁለቱ ተደምረው ሰባትና ከዚያ በላይ ከሆኑ ሰውየው ያመልጣል፤ ካነሱ ይጎዳል። ሁለቱም አንድ አንድ ካሳዩ፣ እነሱ «ጥንድ አንድ» ይሉታል፣ ያ ሰው ሞተ ማለት ነው።

ነገሩ ሱቋ የገባው በአጋጣሚ ነው። ከሰባት ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ የሳጥን ክዳን ይዞ መጣና ላዩ ላይ ያለው ሥዕል ፍሬም እንዲገባለት አዘዘ። ሳጥኑንም «እዚሁ ይቆይልኝ» ብሎ ትቶ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። አንድ ዓመት ሙሉ ጠበቀችው። ሳይመጣ ሲቀር ሳጥኑን ከፈተች፤ ሁለት ዳይስ፣ ባዶ ወረቀቶችና አንድ መጽሐፍ አገኘች። የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጾች አይጥ በልቷቸዋል። በኋላ ሲገባት የጠፉት ገጾች ስለ ሞት የሚናገሩት ነበሩ። ስለዚህ የሞትን ሕግ ያወጡት ራሳቸው ናቸው፤ በካርቶን ላይ ጽፈው አራቱም ፈርመውበታል፦ ጥንድ አንድ የወጣበት ሰው ይሞታል። የመጨረሻ ቃሉን የሚናገርለት ግን የፈጠረው ተጫዋች ነው። እሱ እስኪጨርስ ሌላው ዝም ይላል።

አራቱ እነማን ናቸው ቢባል፣ አንደኛዋ ራሷ ናት። ሁለተኛው ሠፈሩ ሁሉ «ቲቸር» የሚለው የሒሳብ አስተማሪ ነው። ክፍል ውስጥ ዝንብ እንኳ ሳያስፈቅድ አይበርም ይባላል፤ እዚህ ግን የሚጫወተው አንዲት አሮጊት ሌባ ሆኖ ነው፤ ደግሞ በጣም ያምርበታል። ሦስተኛዋ መድኃኒት ቤት የምትሠራ ቀጭን ልጅ ናት። «ኪኒን» ይሏታል፤ እሷ ደግሞ ሁለት ሜትር ቁመት ያለው ወታደር ናት። አራተኛው ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው።

ሾፌሩ የመጣው የጡረታ ምስክር ወረቀቱን ፍሬም ሊያስገባ ነበር። ዕለቱ እሁድ መሆኑን ረስቶ ገርበብ ባለው በር ገባና፣ ቲቸር በአሮጊት ድምፅ ዘበኛ ሲያታልል ሰምቶ ቆሞ ቀረ።

«ምን ሆናችሁ ነው?» አለ።

«ዘበኛውን እያለፍን ነው፤ ይቀመጡ ጋሼ» አለችው ኪኒን፣ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

ተቀመጠ። ሲመሽ ምስክር ወረቀቱን እዚያው ረስቶት ሄደ። በሚቀጥለው እሁድ ግን ቀድሟቸው በር ላይ ቆሞ አገኙት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ሰው ሲያሻግር ኖሮ፣ የፈጠረው ሰው እንኳ ባለ ታንኳ ሆነ። «ሌላ ሥራ አላውቅማ!» አለ። ፍሬም ሠሪዋንም «ዳኛዬ» ማለት የጀመረው ያኔ ነው።

ይህን ጨዋታ መምራት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ ከትርፍራፊ ካርቶን ቤተ መንግሥት ሠራች፤ መስኮቶቹን በምላጭ ፈልፍላ፣ ደረጃውን በሙጫ ለጥፋ፣ ወር ሙሉ ለፋችበት። ሦስቱ ተጫዋቾች ግን ቤተ መንግሥቱ በር ላይ ያለውን የጉድጓድ ውሃ ጠባቂ ወደዱትና ሦስት እሁድ ከእሱ ጋር ሲያወሩ ዋሉ። ጠባቂውን ለአንድ ደቂቃ ብላ የፈጠረችው ነበር፤ ስለ ሚስቱ ሲጠይቋት ሚስት ሰጠችው፤ ስለ ልጁ ሲጠይቋት እዚያው ተቀምጣ ልጅ ወለደችለት። ቤተ መንግሥቱ እስካሁን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ይጠጣል። መጀመሪያ ላይ ትበሽቅ ነበር። ኋላ ግን ደስታው እዚያ ውስጥ እንዳለ ገባት፤ ያላሰበችውን ነገር ሰው ይጠይቃታል፣ መልሱ ደግሞ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም አዲስ ይሆንባታል። ቀን ሙሉ የሌላ ሰው ሠርግ፣ የሌላ ሰው ምርቃት በልክ ስትከፍፍ ለምትውል ሴት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከጠረጴዛው ይሰወራል። ከተረፈ እንጨት ሦስት ክፈፍ ሠርታ፣ በካርቶን ደፍና፣ በጨርቅ ማጠፊያ አያይዛ ከፊቷ ታቆማለች፤ ከለላው ይባላል። የአደጋን ዳይስ ከዚያ ጀርባ የምትጥለው እሷ ናት፤ ሰው የማያየውን ነገር ይበልጥ ይፈራልና። የወጣውን ቁጥር የሚያውቁት እሷ ስትነግራቸው ነው። በስድስት ዓመት አንድም ሰው አንገቱን አስግጎ አይቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት ሾፌሩ የሱቁን ሦስት ደረጃ ሲወጣ መሐል ላይ ቆሞ መተንፈስ ጀመረ። እግሩ አብጦ ጫማውን ሳያስር ይመጣል። «ክላቹ አልቋል» ብሎ ይቀልዳል፤ እነሱም ይስቁለታል። አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ ፍሬም ሠሪዋ መስታወት እየቆረጠች ሳለ የሾፌሩ ልጅ ገባች። ጥቂት መንገድ ራቅ ብሎ ባለ ቤት ፀጉር የምትሠራ ሴት ናት።

«እህቴ፣ አባቴ ስላንቺ ሳያወራ አይውልም» አለች። «ልቡ ነው። ዶክተሩ ወራት ነው ያለው ብሎኛል። እሱ አያውቅም፤ አልነገርነውም። ብንነግረው በድንጋጤ ይሄድብናል።»

ፍሬም ሠሪዋ የመስታወት መቁረጫውን አስቀመጠች።

«ያ ባለ ታንኳ የሚለው ሰውዬ...» አለች ልጅቱ፣ «ቤት ውስጥ ሁልጊዜ ስለ እሱ ነው። እንዳይሞትበት። ሌላ ምንም አልለምንሽም። በእናትሽ።»

ቃል ገባችላት። ሌላ ምን ትላለች? የታመመ ልጅ መድኃኒቱን በማር ለውሰው ሲሰጡት ማን ኃጢአት ይለዋል?

በዚያው እሁድ ሦስቱ ተጓዦች ትልቁ ወንዝ ዳር ደረሱ። ውሃው ሞልቷል፤ ገመዱ ተበጥሷል። ባለ ታንኳው ሁለቱን ጓደኞቹን አሻግሮ ለዕቃቸው ብቻውን ተመለሰ። ፍሬም ሠሪዋ ከከለላው ጀርባ ዳይሱን ጣለች። አንድ፣ አንድ።

«ስምንት» አለች። «ታንኳዋ ተንገዳግዳ ዳር ያዘች።»

ኪኒን አጨበጨበች። ቲቸር «ተመስገን፤ ብርድ ልብሴ እዚያ ውስጥ ነበር» አለ በአሮጊት ድምፅ። ሾፌሩ ፍሬም ሠሪዋን አየት አደረጋት፤ ቀጥሎ ከጀርባዋ ያለውን ግድግዳ አየ፤ ከዚያ ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ።

ከዚያ እሁድ ጀምሮ ጨዋታው ጣዕሙን አጣ። ለምን እንደሆነ መጀመሪያ አልገባትም። ሾፌሩ ባለ ታንኳውን ወደ እሳት ይሰደው ጀመር፤ ጅብ ዋሻ ውስጥ ብቻውን ያስገባዋል፣ ከገደል ያዘልለዋል። እሷ ከከለላው ጀርባ አራት ይወጣባታል፣ «ዘጠኝ» ትላለች። ሦስት ይወጣል፣ «ሰባት፣ ለጥቂት» ትላለች።

«ጋሼ፣ ሰውዬው ዘጠኝ ነፍስ አለው እንዴ?» አለች ኪኒን።

«ከሠላሳ ስድስት ጊዜ አንዴ ብቻ ነው ጥንድ አንድ የሚመጣው» አለ ቲቸር፤ «ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ መጎዳት እንኳ አለመኖሩ... ተማሪ እንዲህ ያለ ውጤት ቢያመጣልኝ ወላጁን አስጠራ ነበር።» ለቀልድ ነው ያለው። ሾፌሩ ግን አልሳቀም።

የዚያን ዕለት ሁለቱ ሲወጡ እሱ ቀረ። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ለማይታሰረው ጫማው ማሰሪያ ይፈልጋል።

«ዳኛዬ፣ ያንን ፎቶ ባለቤቱ መቼ ነው የሚወስደው?»

ዞር አለች። ከወንበሯ ጀርባ ግድግዳው ላይ የተደገፈ ትልቅ የሠርግ ፎቶ አለ፤ የሥዕሉ ዳራ ጥቁር፣ ፊቱ ጥሩ መስታወት የገባለት። ሁለት ወር ሆኖታል፤ ባለቤቶቹ አልመጡም።

«ለምን ጠየቁኝ? ይመጣሉ።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት እኮ ነው ስፖኪዮ ሳይ የኖርኩት» አለ ሾፌሩ ቀስ ብሎ። «ከኋላ በር የወጣውን፣ ቲኬት ሳይቆርጥ አንገቱን የደፋውን፣ ሁሉንም በስፖኪዮ ነው የማየው። ቁጥር ገልብጦ ማንበብ ለእኔ ሥራ አይደለም። ዳይስማ ቢገለበጥም ያው ነጥብ ነው።»

ፍሬም ሠሪዋ እንደገና ዞራ አየች፤ ከከለላው ጀርባ ያለው ጠረጴዛ መስታወቱ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል። መስታወት ሥራዋ ነው፤ በቀን ስንት ጊዜ ራሷን ታይበታለች፤ ግን ጀርባዋን እንደሚያሳይ ልብ አላለችም።

«ወንዙ ላይ ጥንድ አንድ ነበር» አለ። «አየሁ። ዝም አልኩ፤ አንቺ እስክትናገሪ። በኋላ ገደሉም፣ ጅቡም እንዲያው ሆነ።»

«ጋሼ...»

«ልጄ መጥታ ነበር፣ አይደለም?»

ዓይኗን ከእሱ አንሥታ ዳይሱን መሰብሰብ ጀመረች።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ሐኪሙ እኔን ውጭ አስቀምጦ እሷን ብቻ ሲያስገባ ሞኝ መሰልኳችሁ? ቤት ስገባ ወሬ ይቀየራል። ጎረቤቱ ሁሉ ‹ዛሬማ አምሮብሃል› ይለኛል። እሺ፣ ይበሉ፤ ለእነሱ ብዬ ያመንኩ እመስላለሁ። አንድ ቦታ ግን ነበረኝ። ብወድቅ ‹ወደቅህ› የምባልበት።» ጠረጴዛውን በእጁ ዳበሰው። «እዚህም መራራውን በማር ለውሳችሁ አበላችሁኝ።»

ተነሥቶ ሦስቱን ደረጃ አንድ በአንድ ወረደ። ልትደግፈው ስትሞክር በእጁ ተዪኝ አላት።

በቀጣዩ እሁድ አልመጣም። ከዚያ በኋላ ባለው እሁድም ወንበሩ ባዶ ሆነ። ሁለተኛው እሁድ ላይ ፍሬም ሠሪዋ ለቲቸርና ለኪኒን ሁሉንም ነገረቻቸው። ኪኒን አለቀሰች። ቲቸር መነጽሩን አውልቆ ለረጅም ጊዜ ጠረገው።

«እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን...» ብሎ ጀመረና፣ «እኔም አደርገው ነበር መሰለኝ» ብሎ ተወው።

«አድርገኸው ቢሆን ኖሮ እኔ ምን እልህ ነበር?» አለችው ፍሬም ሠሪዋ።

«አስተካክል፤ ከተሳሳትክበት መስመር ጀምረህ እንደገና ሥራ። ሌላ ምን ይባላል?»

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ታሪክ እንደ ሒሳብ በላጲስ አይጠፋም። ባለ ታንኳው ከወንዙ በኋላ ስድስት እሁድ ተጉዟል፤ ጅብ አባርሯል፤ የወታደሩን ቁስል አስሯል፤ ለአሮጊቷ ሌባ ብርድ ልብስ ሰጥቷል። እነዚያን ቀናት የት ታድርጋቸው? ሰኞና ማክሰኞ እንጨት እየቆረጠች አሰበችበት። ሕልም ነበር ልበል? አይሆንም፤ እሱም ሌላ ውሸት ነው። ጠንቋይ አዳነው ልበል? ኪኒን እንኳ አትቀበለውም። ሁለት ጠርዝ አበላሸች፤ ማዕዘኑ አልገጥም አላት።

ረቡዕ ዕለት ሁሉንም ትታ ፀጉር ቤት ሄደች። ልጅቱ የአንዲት ደንበኛ ፀጉር እየጠቀለለች ነበር። ፍሬም ሠሪዋ ወረፋ የምትጠብቅ መስላ አጠገቧ ቆመች።

«አባትሽ ያውቃል» አለች ዝቅ ብላ።

የልጅቱ እጅ ቆመ። በመስታወቱ ውስጥ ተያዩ።

«ነገርሽው?»

«እሱ ነው የነገረኝ። ከመጀመሪያውም ያውቃል።»

«ቃል ገብተሽልኝ ነበር እኮ!»

«ገብቼ ነበር። በቃሌ ቆሜ ነው እሱን ያጣሁት። እሁድ ጠረጴዛውን እናንተ ቤት ይዘን መምጣት እንፈልጋለን። አይሆንም ካልሽ ከበሩ እመለሳለሁ።»

ልጅቱ መጠቅለያውን እንደገና አነሣች። ደንበኛዋ በመስታወቱ አንዷንም ሌላዋንም እያየች ትንፋሽዋን ይዛለች።

«ደረጃ የለንም» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። «ጠረጴዛም አለን። ከስምንት ሰዓት በኋላ ኑ።»

የሾፌሩ ሳሎን ጠባብ ነው። ሶፋው ላይ ትራስ ተደራርቦለት፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተቀምጧል። ሲያያቸው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ውጡ ግን አላለም። ፍሬም ሠሪዋ ቡናማውን ወረቀት ዘረጋች። እርሳሶቹን ደረደረች። ከለላውን ከቦርሳዋ አወጣችና ማጠፊያውን ጨርቅ በምላጭ ቆረጠችው፤ ሦስቱ ክፈፎች ተለያይተው ጠረጴዛው ላይ ወደቁ። አንዱን ብርጭቆ ማስቀመጫ አደረገችው።

«ከመጀመራችን በፊት» አለች፣ ለሁሉም፣ «ወንዙ ላይ የጣልኩት ዳይስ ጥንድ አንድ ነበር። ስምንት ነው ብዬ ዋሸኋችሁ። ከዚያም በኋላ ያሉትን ዋሽቻለሁ። ያለፉትን ቀናት ምን እንደማደርጋቸው አስቤ አላገኘሁም። ዳኛ ሆኜ ይህን ስል የመጀመሪያዬ ነው።»

ልጅቱ ጓዳው በር ላይ ቆማለች። ሾፌሩ ፊቱን ከመስኮቱ መለሰ፤ የባለ ታንኳውን ወረቀት ከትራሱ ሥር አወጣ። ይዞት ነበር የሚተኛው።

«ቀላል ነው» አለ። «የሞተ ሰው ነው ስድስት እሁድ ሲሄድ የከረመው። ሳይነገረው።»

ቲቸር አንገቱን ደፋ።

«ጓደኞቹም ያውቁ ነበር ማለት ነው» አለች ኪኒን፣ በቀጭን ድምፅዋ፤ ግን ወታደሩ ሆና እየተናገረች ነበር። «አብሮን ይሂድ ብለን ዝም አልን። ሳሳንለት።»

«አውቃለሁ ጎበዝ» አላት ባለ ታንኳው። «ከእንግዲህ ልረፍ።»

የመጨረሻ ቃል መሆኑን ሁሉም ዐወቁ። ሕጉ ነውና ዝም አሉ። ሾፌሩ ለመተንፈስ አረፍ አለ፤ ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ስለ ዕቃ መናገር ጀመረ።

«ታንኳዋ በግራ በኩል ውሃ ታስገባለች። ቀዳዳውን በጨርቅ ወትፌዋለሁ፤ በሦስት በሦስት ቀን ቀይሩት፣ አትርሱ። መቅዘፊያው ለወታደሩ ይረዝማል እንዳትሉ፣ እሱ ራሱ ረጅም ነው። አሮጊቷን ዕቃዋን ፈትሹ፤ የእኔን ቢላዋ ሰርቃብኛለች፤ ይሁንላት፤ አይቻታለሁ። ያሻገርኩት ሰው ሁሉ ወዲያ ማዶ ደርሶ ዞር ብሎ እጁን ሲያነሣልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ዞር ሳይል የሚሄድም ነበር፤ ቸኩሎ ነው። አልቀየምኩም።» ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ጨረስኩ።»

ፍሬም ሠሪዋ እርሳስ አቀበለችው። በወረቀቱ ላይ አንድ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አሰመረ።

ልጅቱ ከበሩ መጥታ እግሩ ሥር፣ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አባዬ፣ ዶክተሩ...»

«ስንት አለ?»

«ከአራት እስከ ስድስት ወር።»

ሾፌሩ አሰበ። «እኔ ሁለት ነበር የገመትኩት» አለ። «ይኸው፣ ብትነግሪኝ ኖሮ እስከዛሬ ደስ ብሎኝ ነበር።» ልጅቱ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለማወቅ አይቻልም ነበር፤ ጉልበቱ ላይ ተደፋች፣ እሱም ያበጠ እጁን ፀጉሯ ላይ አሳረፈ። ሦስቱ እንግዶች የሚያዩበት ጠፍቷቸው ቡናማውን ወረቀት አዩ። ቆየት ብሎ ኪኒን ተነሥታ ውሃ ቀዳችለት።

ሲጠጣ ብርጭቆውን መልሶ ክፈፉ ላይ አስቀመጠ።

«ባዶ ወረቀት አምጪ፣ ዳኛዬ።»

«ዛሬ ይረፉ እንጂ ጋሼ።»

«ስድስት ወር ስንት እሁድ ነው ቲቸር?»

«ሃያ ስድስት» አለ ቲቸር ወዲያው።

«እንግዲህ! ቁጭ ብዬ ላያችሁ ነው?» ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። «ሴት ልጅ ናት። ዕድሜዋ ዘጠኝ። ከቤት ጠፍታ ነው የመጣችው፤ ለምን እንደጠፋች ገና አልወሰንኩም። ጉልበቷን ጣይልኝ።»

ፍሬም ሠሪዋ ዳይሱን መዳፏ ውስጥ ነቀነቀችው። ለመደበቅ የለመደ እጇ ወደ ደረቷ ሊጠጋ ሲል ተሰማት። ክንዷን ዘረጋችና ከጠረጴዛው መሐል፣ ከሁሉም ዓይን ሥር ለቀቀችው። አንደኛው ቶሎ ቆመ። ሁለተኛው ብርጭቆው ጋ ደርሶ ተመለሰ።

አምስቱም አንገታቸውን አስግገው አዩ።

«ሦስት» አለች።

«ሦስት?»

«ሦስት ነው ጋሼ።»

«ደካማ ናታ» አለ ሾፌሩ። እርሳሱን በምላሱ አርሶ ሦስትን በትልቁ ጻፋት። «ጥሩ። ቀጥይ፤ ብልሃቷን ጣይ።»